የወታደሩ እጅ እና የእኔ መንጠቆ

ቀኝ እጄን የበላው የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ነው። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን በቆሎ ሲደርስ ማሽኑ በትራክተር እየተጎተተ ከአውድማ አውድማ ይዞር ነበር። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና ወደ እኛ አገር ያልገባበት ጊዜ ነው። የእኛ ተራ በደረሰ ቀን በቆሎውን እየገፋሁ ሳጎርሰው የቀሚሴ እጅጌ ተያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ሰው ሲያወራው ሰምቼ ነው። ራሴን ሳውቅ ክንዴ ከክርኔ በታች አልነበረም።

የማሽኑ ባለቤት የባሌ የአጎት ልጅ ነበር። ስለዚህ በቤታችን ስለ ማሽኑ ክፉ ቃል አይነገርም። ጥፋቱ የእጅጌዬ ሆነ። አማቴ ለጠያቂው ሁሉ "እጅጌዋን ሳትሰበስብ ገብታ ነው" ትል ነበር፤ ሰውም እኔን አየት አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል።

የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ እጅ ያገኘሁት በዓመቱ ነው። አንድ ባለሙያ ከባሕር ዳር በመኪና እየመጣ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እጅና እግር ያጡ ሰዎችን ይለካ ነበር። ወጣት ነው፣ ከሲታ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ዓይነት ቶሎ ቶሎ የሚያወራ። ጉማጄን በጄሶ ለክቶ ሄደና በሌላው ቀጠሮ እጅ ይዞልኝ መጣ። እኔ ጠይም ነኝ፤ የመጣችልኝ የላስቲክ እጅ ቀይ ናት። ጥፍሮቿ ሳይቀሩ ተሠርተዋል። ጣቶቿ ግን እንደተጠጋጉ የደረቁ ናቸው፤ አትጨብጥም፣ አትለቅም።

አማቴ ወደደቻት። "ነጠላሽን ጣል ስታደርጊበት እኮ ማንም አያውቅብሽም!" አለችኝ። ከእኔ ይልቅ ለእጂቱ ፍቅር ነበራት ብል አልዋሸሁም።

እኔ ግን ሥራ ነበረብኝ። ላሟን ላልብ ስል ቀዝቃዛው ላስቲክ ጡቷን ሲነካት ረግጣኝ ወተቱን ደፋችው። እህል ላበጥር ስል ሰፌዱ ያጋድልና እህሉ መሬት ይፈሳል። ከሁሉ የባሰው መቀነቴ ነበር። በአንድ እጅ መቀነት አይጠብቅም። በየማለዳው የምታስርልኝ አማቴ ስለነበረች ትንፋሼ እስኪቆረጥ ትስበው ነበር። የልጇን ሚስት የመጥላት ቂሟን በመቀነቴ ትወጣው ጀመር። እኔም ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም።

በቀጠሮው ቀን ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን። ባለሙያው በየተራ እየጠራ "እንዴት ነው? ደህና ነው?" ይላል። ሁሉም "ይመስገን፣ ደህና ነው" ብሎ ይነሣል። ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ቦታ የሚይዘው አንድ ሰውዬ ነበር። በዕድሜ ከአባቴ የሚያንስ አይደለም፤ ከቀድሞው ሠራዊት የተመለሰ ነው። ግራ እጁን ከክርኑ በላይ ሰሜን ጦር ሜዳ ላይ ትቶ መጥቷል። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የላስቲክ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እኛ ስሙን ትተን "ወታደሩ" እንለው ነበር።

ተራዬ ሲደርስ "ደህና አይደለም" አልኩ።

"ምኑ ነው ደህና ያልሆነው?" አለ ባለሙያው።

"ሁሉ ነገሯ። ያዢ ቢሏት አትይዝ፣ ልቀቂ ቢሏት አትለቅ። ሬሳ ነው ያስታቀፍከኝ።" እጂቱን ከነማሰሪያዋ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኳት።

ባለሙያው ፊቱ ተለዋወጠ። "ሌሎቹ እኮ አልተቸገሩም። አልለመድሻት ይሆናል።"

"አንተ ለምደህ አሳየኝ! ቀኝህን ወደ ኋላ እሰርና በሷ በርበሬ ቀንጥስ።"

ወታደሩ ከአግዳሚው ተነሣ። "አንቺ ልጅ፣ ሥርዓት ያዢ። ሰው ደክሞ ያመጣው ነገር እንዲህ አይወረወርም።"

"አንቱን ምን አገባዎት?"

"ያገባኛል። አንቺ ዛሬ ተሳድበሽ ስትሄጂ ነገ ይህ መኪና ይቀራል። የምንቀረው ሁላችንም ነን።"

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ "እውነቱን ነው" እያሉ አጉረመረሙ። እግር ያጣ፣ እጅ ያጣ፣ ሁሉም ከእሱ ጋር ሆኖ አፈጠጠብኝ። ባለሙያውም በዚህ በርትቶ "እሺ፣ ምን እንዲሆንልሽ ነው የምትፈልጊው?" አለኝ።

"የሚይዝ።"

"የሚይዝ አለ። ግን እጅ አይመስልም፤ መንጠቆ ነው። ሴቶች አይወዱትም።"

"የትኛዋ ሴት ነገረችህ?"

የጣልኳትን እጅ አንሥቶ ማሰሪያዋን ይጠቀልል ጀመር። አንዲቷንም ጠይቆ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ መንጠቆውን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። "ይኸው! ደግሞ ያስጠላል ብለሽ እንዳትመጪብኝ።" ሁለት ቆልማማ ብረቶች ናቸው፣ በጎማ የተገጠሙ። ከጫፉ የተነሣ ሽቦ በክንዴ አልፎ በጀርባዬ ከሚዞረው ማሰሪያ ጋር ይያያዛል። ትከሻዬን ወደ ፊት ስገፋ ሽቦው ይሳብና ብረቶቹ ይከፈታሉ፤ ትከሻዬን ስመልስ ጎማው ይገጥማቸዋል። ያን ቀን ሙሉ አዳራሹ ውስጥ ሲያለማምደኝ ዋለ። ማለማመዱም ጭቅጭቅ ነበር።

"ትከሻሽን እንጂ አንገትሽን አይደለም ያልኩሽ!"

"ትከሻዬ ነው እኮ!"

"ትከሻሽ ቢሆን ኖሮ ይከፈት ነበር!"

ቤት ገብቼ በማግስቱ ማለዳ አማቴ መቀነቱን ይዛ ስትመጣ ተቀበልኳትና አንዱን ጫፍ በመንጠቆው ያዝኩ፣ ሌላውን በግራ እጄ ስቤ ራሴ አሰርኩት። ዞር ብላ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ ወዳጅነቷ ባይጨምርም ወገቤ አርፏል።

መንጠቆው ግን ሁሉን አልቻለም። የጀሪካን ውኃ ሳነሣ እጀታው ይሾልካል። ቡሬ ገበያ ወዳለ ብየዳ ቤት ወስጄ ከጎኑ ወፍራም የብረት ቀለበት አስበየድኩበት። ጀሪካኑን ቻለው። ችግሩ ግን ክብደቱ ነበር፤ ጉማጄ አበጠ፣ ቆዳው ተላጠ። ባለሙያው ሲያየው ጮኸ።

"ማን ንኪው አለሽ?"

"ያንተ መንጠቆ ውኃ አያመላልስም።"

"የኔ መንጠቆ ይህን ሁሉ ብረት እንዲሸከም አልተሠራም! ክንድሽን ተመልከቺው። የቀረሽን ልትጨርሺው ነው?"

ልክ ነበር። ቀለበቱን ፊት ለፊቴ በመጋዝ ቆርጦ ጣለው። ግን ጣለውና መልሶ አነሣው፤ አገላብጦ አየው። በሌላው ቀጠሮ በዚያው ቦታ ላይ ቀለል ካለ አሉሚኒየም የተጠማዘዘ መያዣ ገጥሞልኝ መጣ። ሐሳቡ ያንቺ ነው አላለኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

በዚያ ዓመት የባሌ ታናሽ ወንድም አገባ። የድግሱ ሥራ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ከሴቶቹ እኩል ሽንኩርት ስልጥ፣ ጌሾ ስወቅጥ ሰነበትኩ። በሰርጉ ማለዳ ባሌ መንጠቆዬን አየና "ይህን ነገር ቤት ተይው" አለኝ። "ያቺኛዋን እጅ አድርጊ።"

"ያቺኛዋን መልሻለሁ።"

"እንግዲያውስ ባዶ እጅጌሽን ነጠላ ውስጥ ክተቺው።"

"ሽንኩርቱ ሲላጥ ያላሳፈረህ ብረት ድግሱ ሲበላ አሳፈረህ?"

አድርጌው ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ ወጥ ላወጣ ስዞር ሰው ከወጡ ይልቅ ብረቱን ያያል። የሙሽራዋ አክስት ደግሞ ጭልፋውን የያዘው መንጠቆ ወደሷ ሲቀርብ ትሪውን በመዳፏ ከለለችው። "ከዚህ ነገር አልቀበልም። ሌላ ሰው ታውጣልኝ" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን አጠገቧ ላለችው ሴት። ሌላ ሰው አወጣችላት። ባሌ ከወንዶቹ መካከል ሆኖ አይቷል። ወደ እኔ ግን አልመጣም።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ እንዲህ አለኝ፤ "ማሽኑ ያስተረፈልኝን ክብር አንቺ ጨረስሽው።"

"ማሽኑ የማን ነበር?" አልኩት።

በቤታችን ስለ ማሽኑ ተነሥቶ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አንድ ጣራ ስር ሆነን በሰው አማካኝነት እንደሚነጋገር ባላጋራ ነበር የምንነጋገረው። "ለሚስቴ ንገሯት፣ ጥጃው ተፈቷል" ይላል፣ እኔ እዚያው ቆሜ።

ፍኖተ ሰላም የሄድኩት ያንን ንዴት እንደተሸከምኩ ነው። አዳራሹ ገብቼ አግዳሚው ላይ ሳልቀመጥ ወታደሩ ጀመረኝ። የሰርጉ ወሬ ደርሶታል።

"ሰው ፊት ያንን ብረት ይዘሽ ወጣሽ አሉ" አለ። "እንደ ጭራቅ አሳየሽን። ዕቃ የሚያነሣ ነገር ከፈለግሽ ጓዳሽ ውስጥ አድርጊው። አደባባይ ላይ እጅ እጅ መምሰል አለበት።"

"የአንቱ እጅ ምን ያነሣል?"

"የኔ እጅ ክብር ያነሣል።"

"ያንተ እጅ ዝንብ አያባርርም!" አልኩት።

በአገራችን የአባት እኩያ "አንተ" አይባልም። እሱ ፊቱ ደም መስሎ ተነሣ፤ እኔም አልተቀመጥኩም። ጣቱን አፍንጫዬ ሥር ሲያመጣ ትከሻዬን ገፋሁና የደህናውን እጁን እጅጌ በመንጠቆዬ ያዝኩት። ወደ ላይ አነሣሁት። ሊመታኝ ይችል ነበር፤ አልመታኝም። ጮኸ። የቁጣ ጩኸት አልነበረም፣ የሕመም ነው። ወዲያው ለቀቅሁት። ኮቱ ተከፍቶ ሸሚዙ ታየ፤ ብብቱ ሥር ያለው ጨርቅ በደምና በመግል ደርቆ ጠንክሯል።

ባለሙያው እየሮጠ መጣ። "ምንድነው ይሄ?"

ባለሙያው ኮቱን ሊያወልቅለት ሲል እጁን ገፋው። በመጨረሻ ራሱ በንዴት የቀሩትን ቁልፎች ፈታ፣ ሸሚዙን ገለጠ። የላስቲክ እጁን የሚሸከመው ጠፍር በጀርባው ዞሮ በደህናው ብብቱ ሥር ያልፋል። ጠፍሩ ሥጋውን ቆርጦ ገብቶ ነበር። ከጠባሳው ላይ ሌላ ጠባሳ፣ ከሱ ላይ አዲስ ቁስል ነበረበት።

"ይህማ የዛሬ አይደለም" አለ ባለሙያው። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካደረግህልኝ ጊዜ ጀምሮ።"

"ስንት ጊዜ ጠየቅሁዎት! ለምን አልነገሩኝም?"

"ደህና ነው ወይ አልከኝ፣ ደህና ነው አልኩህ" አለ ወታደሩ። "ሰው ደህና ነህ ወይ ባለኝ ቁጥር ብብቴን ገልጬ ላሳየው ኖሯል?"

ከዚያ በኋላ አግዳሚው ላይ የነበረው ዝምታ ተናደ። ከአዴት የመጣ አንድ ገበሬ እጁ የሚገባበት ቀፎ በሙቀት ውስጡ እየታሸ ቆዳውን እንዳበሰበሰው ተናገረ። ከደምበጫ የመጣች፣ ከእኔ በኋላ መንጠቆ የወሰደች አንዲት ተማሪ ሽቦው በየቀኑ የደንብ ልብሷን እየቀደደ እናቷ እንደሚቆጧት፣ ስለዚህ መንጠቆውን ከትምህርት ቤት በር ውጭ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ እንደምትከት ነገረችው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሃል። ሲያጉረመርሙብኝ የነበሩት ሰዎች አሁን ባለሙያው ላይ ሆኑ።

"እኔ ፋብሪካ አይደለሁም!" ብሎ ጮኸባቸው። "የመጣልኝን ነው የምሰጣችሁ። ስጠይቃችሁ ይመስገን ትላላችሁ፣ መኪናው ዞር ሲል ትረግሙኛላችሁ። በምን ልወቅ? ጠንቋይ ነኝ?"

እሱም እውነቱን ነበር። በሩን በርግዶ ወጣ። መኪናውን አስነሥቶ የሚሄድ መስሎን ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን፤ ወታደሩ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ፣ "ይኸው፣ ያልኩት ደረሰ" ማለቱ ነው። ግን ባለሙያው መቀሱንና መስፊያውን ይዞ ተመለሰ።

"ለስለስ ያለ፣ ሰፋ ያለ ጥጥ ያስፈልገኛል" አለ። ዓይኑ አዳራሹን ዞሮ ወገቤ ላይ አረፈ። "መቀነትሽን።"

"ለሱ?"

"ለቁስሉ።"

የእናቴ ፈትል ነበር፣ ወፍራም የሸማኔ ሥራ። ሰጠሁት ብል ውሸት ነው። ግማሹን ብቻ እንዲቆርጥ ተከራክሬ፣ የቀረውን ቀምቼ ወገቤ ላይ መልሼ አሰርኩት። ወታደሩ ደግሞ "የሴት መቀነት ሰውነቴ ላይ አይታሰርም" ብሎ እምቢ አለ።

"እንግዲያውስ እጁንም አይወስዱም" አለው ባለሙያው። "ይህ ጠፍር እንደገና ብብትዎ ሥር አይገባም።"

ተፋጠጡ። ቆይቶ ወታደሩ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመና እንዲለካው ፈቀደ። ባለሙያው መቀነቱን ደርቦ ጠፍሩ ላይ ሰፋው፤ ደረት ላይ የሚያርፈውን ክፍል ደግሞ ሰፊ አድርጎ ክብደቱን ከብብት ወደ ትከሻ አዞረው። ወታደሩ ለብሶ ኮቱን ቆለፈ። ለማንም ምስጋና ሳይሰጥ ወጣ።

ባለሙያው ከዚያ ቀን ወዲህ "ደህና ነው?" ማለቱን ተወ። "ምን ልትሠሩ ስትሉ እምቢ አላችሁ? አውልቃችሁ የምታስቀምጡት መቼ ነው? አውልቁና ቆዳችሁን አሳዩኝ" ማለት ጀመረ። እንዲህ ሲጠይቅ ሰው ይናገራል፤ ይጨቃጨቃልም። እሱም መልሶ ይጨቃጨቃል። ማሰሪያዎቹ ሁሉ በጥጥ ተለብጠው መምጣት ጀመሩ። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ገብቶ ልብስ መቅደዱን ተወ። የአዴቱ ገበሬ ቀፎ ተበሳስቶ አየር እንዲያስገባ ሆነ፤ ግን ሲበሳሳ ተሰነጠቀና ሌላ መሥራት ግድ ሆነ። ለእኔ ደግሞ መንጠቆውን ነቅዬ የመለስኳትን የላስቲክ እጅ የምተካበት ብሎን አንጓው ላይ ገጠመልኝ። "ለሰርግ" አለኝ፣ ሳያየኝ። ብሎኑ ይላላል። አንድ ፋሲካ ላይ እጂቱ ተፈትታ አማቴ እግር ሥር ወደቀች፤ በሕይወቴ አማቴ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳቋ ግን የደግነት አልነበረም።

ወታደሩን ያ ጠብ ከሆነ ከአንድ ክረምት በኋላ መኪና ውስጥ አገኘሁት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄደው አውቶቡስ ሞልቶ የቀረው ቦታ የሱ አጠገብ ብቻ ነበር። ቆሜ ልሄድ አሰብኩ። ረዳቱ "ቁጭ በይ እንጂ እናቴ፣ ትራፊክ አለ" ብሎ ተቆጣኝና ተቀመጥኩ። መንጠቆዬ በሱ በኩል ስለነበር ኮቱን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ማንኩሳ ልንደርስ ስንል ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ ተናገረ። "መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ከሰሜን በእግሬ ነው የመጣሁት። ባሕር ዳር ስደርስ ደክሞኝ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ለማረፍ ነው፣ እጄን አልዘረጋሁም። የቀረኝንም እጅ አልዘረጋሁም። አንዲት ሴት አለፈችና ባዶ እጅጌዬን አይታ ሳንቲም ወረወረችልኝ። ከዚያ ሌላው ወረወረ። ተነሥቼ ልሂድ ብል ጉልበት የለኝም። ሲወረውሩ ዋሉ።"

ዝም ብል ያዘንኩለት እንዳይመስለው ፈራሁ። "እኔ ሳንቲም አልወረወርኩም" አልኩት።

"አንቺ መንጠቆ ወረወርሽብኝ።"

"ጣትህን አፍንጫዬ ሥር አምጥተህ ነዋ።"

"አሁንም አንተ ትይኛለሽ?"

"አሁንም።"

አውቶቡሱ ቆመ። በላዬ ተሻግሮ ለመውረድ ሲሞክር የላስቲክ እጁ ትከሻዬን መታኝ፤ ይቅርታ አላለም። ወርዶ ወደ ገጠሩ በሚያስገባው የእግር መንገድ ቀጥ ብሎ ሄደ። ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ እጁ በትክክል በጎኑ ተንጠልጥሏል። ከሩቅ ላየው ሰው ሁለት እጅ ያለው ሰው ነው። ረዳቱ "ዘመድሽ ናቸው?" ሲለኝ "ዘወር በል" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በቀጠሮ ቀን ስንገናኝ ሰላም አንባባልም። እሱ በአግዳሚው ወዲያ ጫፍ፣ እኔ በወዲህኛው ጫፍ እንቀመጣለን። እሱ መንጠቆ ወስዶ አያውቅም፤ እኔም የላስቲኳን እጅ ከፋሲካና ከሰርግ ውጭ አላደርጋትም፣ እሷንም ቢሆን ስለ ባሌ ጭቅጭቅ ብዬ ነው። ባለሙያው ሲገባ ግን ሁለታችንም እኩል እንነሣለን። ማን ቀድሞ ስሞታውን እንደሚናገር እስካሁን አልተስማማንም።